ምዕራፍ 7፦ የሚቆርጥ ማብሪያ፣ የሚመርጥ ማብሪያ

ከውጭ ገብተው በሩ አጠገብ ያለውን ማብሪያ ይጫናሉ፤ ሳሎኑ ይበራል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰላም ነው። ጣጣው የሚመጣው ማታ፣ ቤተሰቡ ሊተኛ ሲነሳ ነው። መኝታ ክፍሎቹ በሳሎኑ ሌላ ጫፍ፣ ከኮሪደሩ ወዲያ ናቸው፤ ማብሪያው ግን አሁንም የውጭው በር አጠገብ ነው። ስለዚህ አንዱ ሰው ወደ በሩ ሄዶ መብራቱን ያጠፋና ጠረጴዛውን፣ የሶፋውን እግር፣ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ የተዉትን መጫወቻ በጨለማ እየዳበሰ ይመለሳል። ብልህ ነኝ ያለው ደግሞ አስቀድሞ የኮሪደሩን መብራት ያበራል፣ የሳሎኑን ያጠፋል፣ በመጨረሻ የኮሪደሩን ለማጥፋት ሌላ ዙር ይዞራል። ብዙ ቤት ይህን እንደ ቤቱ ጠባይ ተቀብሎ ይኖራል።

መፍትሔው ኮሪደሩ አፍ ላይ አንድ ማብሪያ መጨመር ይመስላል። ነገር ግን ሱቅ ሄዶ በሩ ላይ ያለውን የሚመስል ሌላ ማብሪያ ገዝቶ የመጣ ሰው፣ የቱንም ያህል ሽቦ ቢዘረጋ፣ የፈለገውን አያገኝም። ለምን እንደማያገኝ ከገባን የምዕራፉ ግማሽ ሥራ አለቀ።

በምዕራፍ 2 እንዳየነው ኤሌክትሪክ ዞሮ መመለሻ ካላገኘ አይሠራም፦ በፌዙ ሽቦ ይመጣል፣ በአምፖሉ ያልፋል፣ በኒውትራሉ ይመለሳል። በምዕራፍ 4 ደግሞ ማብሪያ መግባት ያለበት ፌዙ ላይ መሆኑን ተነጋግረናል፤ ኒውትራሉን ከቆረጠ መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ 220 ቮልት እንደተሸከመ ይቀራልና። እነዚህን ሁለት ነገሮች ይዘን እንቀጥል።

ሁለት ተራ ማብሪያ ለምን አይግባባም

ተራው ማብሪያ ከጀርባው ሁለት የሽቦ ማሰሪያ ብሎን ብቻ አለው። ፌዙ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ወጥቶ ወደ ኮርኒሱ ይሄዳል። ሲያጠፉት በመሃል ያለው ብረት ይላቀቃል፣ ሲያበሩት ይገናኛል። ሥራው መቁረጥና መቀጠል ነው፤ ሌላ አያውቅም።

ሁለተኛውን ተራ ማብሪያ የት እናስገባው? ያለን ምርጫ ሁለት ብቻ ነው። አንደኛው በዚያው ሽቦ ላይ፣ ከመጀመሪያው ቀጥሎ ማሰር ነው። ያኔ አምፖሉ የሚበራው ሁለቱም ሲበሩ ብቻ ይሆናል፤ በሩ ላይ ያለው ከጠፋ ኮሪደሩ ላይ ያለውን ሌሊቱን ሙሉ ቢጫኑት ለውጥ የለም። ሁለተኛው ምርጫ ጎን ለጎን ማሰር ነው፤ ፌዙ በአንዱም በሌላውም በኩል ወደ አምፖሉ ማለፍ ይችላል። በዚህኛው ከሁለቱም ቦታ ማብራት ይቻላል፤ ማጥፋት ግን ሌላኛው አስቀድሞ ካልጠፋ አይቻልም። አንዱ ለማጥፋት ለጋስ፣ ለማብራት ንፉግ ነው፤ ሌላው በተገላቢጦሽ።

እኛ የምንፈልገው ሌላ ነገር ነው፦ ከሁለቱ የትኛውም ማብሪያ፣ ጓደኛው በምንም ሁኔታ ላይ ቢሆን፣ በተጫነ ቁጥር መብራቱን ካለበት እንዲቀይረው። የበራውን እንዲያጠፋ፣ የጠፋውን እንዲያበራ። በመቁረጥ ብቻ ይህ አይገኝም። መንገዱ አንድ ሆኖ አንዱ ማብሪያ ከቆረጠው፣ ሌላው ምን ይዞ ይቀጥለው? መንገዱ ከአንድ በላይ መሆን አለበት፤ ማብሪያውም መቁረጡን ትቶ መምረጥ መጀመር አለበት። የሳሎን መብራት ከሁለት፣ ከሦስት፣ ከዐሥር ቦታ የሚታዘዘው በዚህች አንዲት ሐሳብ ነው።

ሁለት ድልድይ፣ ሁለት ዘበኛ

በወንዝ የተለያዩ ሁለት መንደሮች አሉ እንበል። ወንዙ ሁለት ድልድይ አለው፤ ላይኛውና ታችኛው። በዚህኛው ዳር አንድ ዘበኛ፣ በዚያኛው ዳር ሌላ ዘበኛ ቆሟል። እያንዳንዱ ዘበኛ አንዲት መዝጊያ ብቻ ይዟል፦ ላይኛው ድልድይ ላይ ካሳረፋት ታችኛው ይከፈታል፣ ወደ ታችኛው ካዞራት ላይኛው ይከፈታል። ሁለቱን ባንዴ መዝጋት አይችልም፤ ሁለቱን ባንዴ መክፈትም አይችልም። ሥራው ለመንገደኛው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነው።

መንገደኛው መቼ ይሻገራል? ሁለቱ ዘበኞች አንድ ድልድይ ሲመርጡ። ሁለቱም ላይኛውን ከከፈቱ በላይ ያልፋል፤ ሁለቱም ታችኛውን ከከፈቱ በታች ያልፋል። አንዱ ላይኛውን፣ ሌላው ታችኛውን ከመረጠ ድልድዩ ላይ ወጥቶ ከወዲያ ማዶ የተዘጋ መዝጊያ ይጠብቀዋል። አሁን ዋናው ነገር፦ ከሁለቱ ዘበኞች የትኛውም ሐሳቡን ቢቀይር፣ ስምምነት የነበረው አለመስማማት ይሆናል፤ አለመስማማት የነበረውም ስምምነት ይሆናል። ማዶ ያለው ዘበኛ ምን እንደመረጠ ማወቅ፣ መጠየቅ፣ መጥራት አያስፈልገውም። ዞር ማለቱ ብቻ ይበቃል።

ባለሙያዎች ቱ ዌይ የሚሉት ማብሪያ ይህ ዘበኛ ነው። ከፊት ሲያዩት ከተራው አይለይም፤ ገልብጠው ብሎኖቹን መቁጠር አለብዎት፦ ሦስት ናቸው። አንደኛው የጋራው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለብቻው ተነጥሎ ወይም ምልክት ተደርጎበት ይገኛል። የቀሩት ሁለቱ የላይኛውና የታችኛው ድልድይ ጫፎች ናቸው። ፌዙ ወደ በሩ ማብሪያ የጋራ ብሎን ይገባል። ከዚያ ሁለት ሽቦዎች እስከ ኮሪደሩ ማብሪያ ይዘረጋሉ። ከኮሪደሩ ማብሪያ የጋራ ብሎን አንድ ሽቦ ወደ አምፖሉ ይወጣል። ኒውትራሉ በዚህ ሁሉ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በቀጥታ ከአምፖሉ ይመለሳል።

ቤትዎ ውስጥ ቱ ዌይ ተገጥሞ ሳለ አንደኛው ማብሪያ የሚሠራው ሌላኛው በአንድ በኩል ሲሆን ብቻ ከሆነ፣ ከጀርባ ምን እንደተሳሳተ አሁን መገመት ይችላሉ። የጋራው ብሎን ላይ መግባት የነበረበት ሽቦ ከድልድዮቹ በአንደኛው ብሎን ላይ ገብቷል። በየቤቱ ከማየው የቱ ዌይ ብልሽት አብዛኛው ይህ ነው፤ ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም፣ ስለዚህ አዲስ መግዛቱ አይፈታውም።

ስለ ዘበኛው ፍጥነትም አንድ ነገር ልጨምር። ማብሪያ ሲጫኑ የሚሰሙት "ቋ" የሚል ድምፅ ለጌጥ የተሠራ አይደለም። ጆን ሄንሪ ሆምዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1884 በኒውካስል የሠራው ማብሪያ ብረቱን በሞላ ኃይል ባንዴ የሚያላቅቅ ነበር። ብረቶቹ ቀስ ብለው ከተላቀቁ በመካከላቸው ብልጭታ ይዘረጋል፤ ብልጭታው ብረቱን ይበላዋል፣ ያግለዋል። ከሞላው ጋር ጣትዎ በዝግታ ቢጫንም ብረቱ በራሱ ፍጥነት ይዘላል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ማብሪያ ሲመርጡ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ጫን ጫን አድርገው ይሞክሩት፤ መሃል ላይ ሊቆም የሚችል፣ ልፍስፍስ ያለ ማብሪያ በነፃም ቢሰጥዎ አይቀበሉ።

ላይና ታች ትርጉም ሲያጣ

ተራው ማብሪያ ላይ አቀማመጡን አይቶ መብራቱ በርቶ ወይም ጠፍቶ እንደሆነ ማወቅ ይቻላል። ሁለት ቱ ዌይ ሲገጠሙ አራት አቀማመጦች ይኖራሉ፤ በሁለቱ ይበራል፣ በሁለቱ ይጠፋል። አንዱን ማብሪያ ብቻ አይቶ መብራቱ ምን ላይ እንዳለ ማወቅ አይቻልም።

ይህ እኛ አገር ተግባራዊ ውጤት አለው። ምሽት ላይ መብራት ይሄዳል፤ ሻማ ይበራል፤ በመሃል ሰው ያልፍና በልማድ ማብሪያውን ይጫናል፤ ሌላውም እንዲሁ። ቤተሰቡ ሲተኛ የሳሎኑ ማብሪያ ምን ላይ እንደቆመ ማንም አያውቅም። ሌሊት 9 ሰዓት መብራት ሲመጣ ሳሎኑ ቦግ ይላል። በተራው ማብሪያ ቢሆን አንዴ ወደ ማጥፊያው ማድረግ ይበቃ ነበር። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሁለቱ ማብሪያዎች መብራት እያለ፣ አምፖሉ ሲጠፋ፣ እንዴት እንደቆሙ አይቶ ማስታወስ። ያንን አቀማመጥ የያዘ ሰው በጨለማም አይሳሳትም።

ሦስተኛው ዘበኛ

ሳሎኑ ሦስት አፍ ካለውስ? የውጭ በር፣ ኮሪደር፣ ወጥ ቤት። በወንዙ መሃል ደሴት አለ እንበል፤ ሁለቱም ድልድዮች በደሴቱ ላይ ያልፋሉ፤ እዚያ ሦስተኛ ዘበኛ እናቆማለን። ይኼኛው መዝጊያ የለውም። በላይ የመጣውን በላይ፣ በታች የመጣውን በታች ያሳልፋል፤ ወይም ያቀያይራቸዋል፦ በላይ የመጣው በታች ይሄዳል፣ በታች የመጣው በላይ። ማንንም አያግድም፤ መንገዱን ብቻ ያዟዙራል። ባቀያየረ ቁጥር ግን የዳርና ዳሩ ዘበኞች ስምምነት ይገለበጣል። ባለሙያዎች ኢንተርሚዲየት ይሉታል፤ አራት ብሎን አለው፣ ሁልጊዜም በሁለቱ ቱ ዌዮች መካከል ይገባል። አራተኛ ቦታ ከፈለጉ ሁለተኛ ኢንተርሚዲየት ይጨመራል፣ አምስተኛ ከፈለጉ ሦስተኛ፤ ማብቂያ የለውም።

ብዛታቸው ምንም ቢሆን ደንቡ አንድ ነው። መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ጀምረው ማንም ሰው፣ በየትኛውም ማብሪያ የተጫነውን ሁሉ ይቁጠሩ። ድምሩ ጎዶሎ ከሆነ መብራቱ በርቷል፤ ሙሉ ከሆነ ጠፍቷል። የትኛው ማብሪያ እንደተጫነ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደተጫነ ለውጥ አያመጣም። ግድግዳ ውስጥ የተቀበሩት ሽቦዎች ሙሉና ጎዶሎ እየቆጠሩ ነው ማለት ነው።

ነገሩ ከሳሎን የሚሻገርበት ቦታም ይኸው ነው። ክሎድ ሻነን የተባለ የ21 ዓመት ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1937 ለማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ባቀረበው የማስተርስ ጽሑፍ፣ ማብሪያዎችና ሪሌዮች (በኤሌክትሪክ የሚገለበጡ ማብሪያዎች) የሚሠሩት ማንኛውም መረብ ጆርጅ ቡል ከ80 ዓመታት በላይ ቀደም ብሎ ባዘጋጀው የ"እውነት" እና "ሐሰት" ስሌት ሊጻፍ እንደሚችል አሳየ። ከምሳሌዎቹ አንዱ 0 እና 1ን ብቻ በሚጠቀም አቆጣጠር የሚደምር የማብሪያዎች መረብ ነበር። በዚያ አቆጣጠር 0 ሲደመር 0 ዜሮ ይሰጣል፤ 0 ሲደመር 1 አንድ ይሰጣል፤ 1 ሲደመር 1 ደግሞ 0 ይጻፍና 1 ይያዛል። የሚጻፈውን አሃዝ ብቻ ይመልከቱ፦ ሁለቱ ከተመሳሰሉ 0፣ ከተለያዩ 1። የኪስዎ ስልክ የሚደምረው በዚህ መንገድ ነው። የሳሎንዎ ሁለት ማብሪያዎች የሚሠሩትም ያንኑ ነው፣ በ220 ቮልት።

የተከለከለው አቋራጭ

በኤሌክትሪክ መጀመሪያ ዘመን አሜሪካ ውስጥ ሽቦ ለመቆጠብ ሌላ ዘዴ ተይዞ ነበር፤ የካርተር አሠራር ይባላል። እያንዳንዱ ማብሪያ ጋ ፌዝም ኒውትራልም ይመጣሉ፤ አምፖሉ በሁለቱ ማብሪያዎች የጋራ ብሎኖች መካከል ይታሰራል። አንዱ ፌዝ፣ ሌላው ኒውትራል ከመረጠ አምፖሉ ይበራል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ከመረጡ ይጠፋል። በወረቀት ላይ ያምራል፤ ከመብራቱ አንጻር ካየነውም ያለ እንከን ይሠራል።

እንከኑ ያለው መጥፋቱ ላይ ነው። ሁለቱም ማብሪያዎች ኒውትራል ከመረጡ አምፖሉ በእርግጥ ጠፍቷል። ሁለቱም ፌዝ ከመረጡም አምፖሉ ጠፍቷል፤ መያዣው ግን በሁለት በኩል 220 ቮልት ይዟል። የተቃጠለ አምፖል ሊቀይር መሰላል ላይ የወጣ ሰው ከሁለት አንዱ ዕጣ ይደርሰዋል። በዚያ ላይ ፌዝና ኒውትራል በአንዲት ትንሽ ማብሪያ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንድ ብልጭታ ሁለቱን ካገናኘ ሾርት ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ ከ1923 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህን አሠራር ከልክሏል። ዛሬም ቢሆን በሩም ኮሪደሩም አጠገብ ሶኬት ባለበት ቤት "ፌዝና ኒውትራል እዚሁ አለልን" ብሎ መጀመር የሚፈትን ነገር ነው። መብራት መሥራቱ ብቻውን ሥራው ትክክል ስለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን ነጥብ በምዕራፍ 4 አንስተነው ነበር፣ እዚህ ግን ከዚያ ይበልጥ አፍጦ ይታያል።

ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ

እስካሁን ቤቱ ገና እየተሠራ እንዳለ አድርጌ ስጽፍ ነበር። አብዛኛው አንባቢ ግን የሚኖረው በተለሰነና ቀለም በተቀባ ቤት ነው፤ በሩ አጠገብ አንድ ማብሪያ አለ፣ ከጀርባው ሁለት ሽቦ፦ የሚገባው ፌዝና ወደ አምፖሉ የሚወጣው። ለእንዲህ ያለው ቤት የሚመች ሌላ አስተሳሰር አለ። የበሩን ማብሪያ በቱ ዌይ ይቀይራሉ፤ ከእሱ እስከ ኮሪደሩ አዲስ ማብሪያ ሦስት ሽቦ ይዘረጋሉ፤ ሦስቱ ብሎኖች ከሦስቱ ብሎኖች ጋር አቻ ለአቻ ይገናኛሉ፣ የጋራው ከጋራው ጋር። አሮጌው ፌዝ በሩ ላይ ካሉት ሁለት የምርጫ ብሎኖች በአንደኛው ላይ፣ የአምፖሉ ሽቦ በሌላኛው ላይ ይቀራል። ኮርኒሱ አይነካም፤ አምፖሉ ጋ የሚቀየር ነገር የለም።

በዚህ አስተሳሰር መብራቱ የሚበራው ሁለቱ ማብሪያዎች የተለያየ ሲመርጡ ነው። አንዱ ወደ ፌዙ፣ ሌላው ወደ አምፖሉ ካዘነበለ፣ የጋራው ሽቦ ሁለቱን ያገናኛል። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ካዘነበሉ መንገዱ አልተሟላም። አንድ ሽቦ በልጦ ይወስዳል፤ በምትኩ ፌዙና የአምፖሉ ሽቦ ባሉበት በአሮጌው ሳጥን ውስጥ ይቆያሉ።

እኛ ዘንድ ሽቦ በአብዛኛው በፕላስቲክ ኮንዲዩት ውስጥ ስለሚያልፍ ግድግዳ መፈልፈል ሁልጊዜ ግዴታ አይደለም። ኮንዲዩቱ በሳሎኑ ጃንክሽን ቦክስ በኩል ወደ ኮሪደሩ ማብሪያ የሚሄድ ከሆነ፣ አሮጌውን ሽቦ እንደ መሳቢያ አድርጎ አዲሶቹን መሳብ ይቻላል። ኮንዲዩቱ ከታጠፈ፣ ከተደፈጠጠ፣ ወይም በስሚንቶ ከተደፈነ ግን መፈልፈሉ አይቀርም። ለዚህ ነው ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ከልስን በፊት አንድ ቀን ባዶውን ሳሎን በእግሩ ቢዞር የምመክረው፦ የት እገባለሁ፣ የት እወጣለሁ፣ ቁጭ ስል እጄ የት ይደርሳል።

አንድ ሳሎን፣ ብዙ መብራት

ከብዙ ቦታ ማዘዝ የነገሩ አንድ ገጽታ ነው። ሌላው፣ ሁሉንም መብራት ባንዴ ሳይሆን ከፋፍሎ ማዘዝ ነው። አምስት አምፖል ያለው የሳሎን መብራት በአንድ ማብሪያ ከታሰረ ወይ አምስት ነው ወይ ዜሮ። ሁለት ለብቻ፣ ሦስት ለብቻ ታስረው ባለ ሁለት ማብሪያ ሳህን ላይ ቢወጡ ሁለት፣ ሦስት ወይም አምስት ማብራት ይቻላል። ሰባት አምፖል ያለው ደግሞ አንድ፣ ሁለት እና አራት ተብሎ ቢከፈል በሦስት ማብሪያ ከዜሮ እስከ ሰባት ማንኛውንም ቁጥር ማግኘት ይቻላል። የሻነንን አቆጣጠር ኮርኒስ ላይ ሰቀልነው ማለት ነው።

ግን በእኔ እምነት ማንም ሳሎኑ ውስጥ አምፖል ቆጥሮ አያበራም። ሰው የሚያበራው ለሚሠራው ነገር ነው፦ ቴሌቪዥን ለማየት፣ ራት ለመብላት፣ ቡና የሚፈላበትን ጥግ ለማየት፣ በዓል ሆኖ ቤቱ በእንግዳ ሲሞላ። ክፍፍሉም እንደዚያ ቢሆን ይሻላል። በጅፕሰሙ ጠርዝ የተደበቀው መብራት ለብቻው፣ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ያለው ለብቻው፣ መሃለኛው ለብቻው። ከሁለት ቦታ መታዘዝ ያለባቸው ደግሞ ሁሉም አይደሉም። ሲገቡ የሚበራውና ሲተኙ የሚጠፋው ብቻ ቱ ዌይ ይሁን፤ የቀሩት ተቀምጠው ከሚያዟቸው ቦታ ላይ በተራ ማብሪያ ይታዘዙ።

ሽቦውን መቁጠር አሁን ከባድ አይደለም። ቤቱ ገና ሲሠራ፣ በመጀመሪያው አስተሳሰር፣ ለአንድ የመብራት ቡድን በሁለቱ ማብሪያዎች መካከል ሁለት ሽቦ፣ ለሁለት ቡድን አራት። እኔ በዚያ ላይ አንድ ኒውትራልና አንድ መጠባበቂያ እጨምራለሁ፤ ስድስት ይሆናሉ፣ 20 ሚሊ ሜትር ኮንዲዩት ሳይጨነቅ ይወስዳቸዋል። ውፍረታቸው ለመብራት የተለመደው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበቃል። ዐሥር ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ባንዴ ቢበራ 90 ዋት ነው፤ ለ220 ሲካፈል ግማሽ አምፔር እንኳ አይሞላም።

ቡድኑም ቦታውም ሲበዛ ሽቦው መወሳሰቡ አይቀርም። ያኔ ዘበኞቹን ሁሉ አሰናብቶ በምት የሚገለበጥ ሪሌይ መግጠም ይቻላል። በየቦታው የሚኖረው የበር ደወል የሚመስል መጫኛ ብቻ ነው፤ የፈለጉትን ያህል መጫኛ በሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ይታሰራል፤ አንዱ በተጫነ ቁጥር ሪሌዩ የመብራቱን ሁኔታ ይገለብጠዋል። ሙሉና ጎዶሎ መቁጠሩ ከግድግዳው ወጥቶ አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ገባ። አራትና ከዚያ በላይ ቦታ ላለው ትልቅ ሳሎን ከኢንተርሚዲየት ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። ጉዳቱ አንድ ነው፦ ሪሌዩ ሲበላሽ መብራቱ ከሁሉም ቦታ ባንዴ እምቢ ይላል።

ኤልኢዲ ያጋለጠው ነገር

በጥንቱ ባለ 60 ዋት አምፖል ዘመን የማይታይ፣ ኤልኢዲ ሲመጣ የታየ ነገር አለ፦ መብራቱ ጠፍቶ በጨለማ ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ ወይም በየጥቂት ሴኮንዱ ብልጭ ይላል። ቱ ዌይ ባለበት ቤት ይህ ይበዛል። ምክንያቱ ሁለቱ ድልድዮች ናቸው። መብራቱ ሲጠፋ አንደኛው ሽቦ ፌዝ ይዞ ወደ አምፖሉ ከሚያደርሰው ሽቦ ጋር በአንድ ኮንዲዩት ውስጥ ለብዙ ሜትር ጎን ለጎን ተኝቷል። ሽቦዎቹ ሳይነካኩም በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ተለዋዋጭ ጅረት ያልፋል። የድሮውን አምፖል ክር ለማጋል ያ ኢምንት ነበር፤ የኤልኢዲውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ (ካፓሲተር) ቀስ በቀስ ለመሙላት ግን ይበቃል። ማብሪያው ላይ በጨለማ የምትታይ ቀይ መብራት ካለችም ጅረቷ በአምፖሉ በኩል ስለሚያልፍ ያንኑ ታደርጋለች። ብዙውን ጊዜ የተሻለ አምፖል መቀየር ወይም ከአምፖሉ ጎን ትንሽ ካፓሲተር ማሰር ይፈታዋል። ከዚያ በፊት ግን ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን እንጂ ኒውትራሉን አለመሆኑን ያረጋግጡ፤ ኒውትራሉ ከተቆረጠ ድብዛዜው ይብሳል።

ኒውትራል በማብሪያው ሳጥን ውስጥ ይኑር ያልኩትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በስልክ ወይም በድምፅ የሚታዘዝ ማብሪያ ውስጥ ሁልጊዜ ነቅቶ የሚጠብቅ ትንሽ ኮምፒውተር አለ፤ ለእሱ የማያቋርጥ ኃይል ያስፈልጋል። ኒውትራል ካገኘ በራሱ ዙር ይኖራል። ካላገኘ ጥቂት ጅረት በአምፖሉ በኩል እያሾለከ ነው የሚኖረው፤ ኤልኢዲው ደግሞ ያንን አይደብቅም። ሁለት ሜትር ተጨማሪ ሽቦ ከልስን በፊት ዋጋው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሳጥኑን ከመክፈት በፊት

ተራ ማብሪያ ሲጠፋ ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ፌዝ የለበትም። ቱ ዌይ ባለበት ግን መብራቱ ቢበራም ባይበራም ከሁለቱ ድልድዮች አንደኛው ሁልጊዜ ፌዝ ይዟል፤ የትኛው እንደሆነ ከፊት አይታይም። ስለዚህ "መብራቱን አጥፍቼዋለሁ" ብሎ የኮሪደሩን ማብሪያ መፍታት ከፌዝ ጋር ፊት ለፊት መጋፈጥ ነው። መውረድ ያለበት ብሬከሩ ነው፤ ከወረደም በኋላ እያንዳንዱ ሽቦ በቴስተር ይነካል፣ ቴስተሩ ደግሞ አስቀድሞ ፌዝ እንዳለው በታወቀ ቦታ ላይ መሥራቱ ይፈተሻል። ቀለምን አይመኑ። ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ኧርዝ መሆን ነበረበት፤ ልስን ውስጥ ያለው ግን ያን ቀን በእጅ የተገኘው ሽቦ ሊሆን ይችላል። ይህን ምዕራፍ ያነበቡ ሰው ሥራውን መረዳት፣ ባለሙያውን መጠየቅ፣ የተሠራውን መፈተሽ ይችላሉ፤ ማሰሩን ግን ፈቃድ ላለው ኤሌክትሪሽያን ይተዉለት።

ለእሱ የሚቀርብ የመጨረሻ ጥያቄ አለ፦ "የዚህ አምፖል ኒውትራል ከየት ነው የመጣው?" ሳሎኑ በአንድ ብሬከር፣ ኮሪደሩና መኝታ ክፍሎቹ በሌላ ብሬከር የሚታዘዙበት ቤት ብዙ ነው። ቱ ዌይ ሲዘረጋ ፌዙ ከሳሎኑ ተነስቶ ኒውትራሉ በቅርብ ከተገኘው ከኮሪደሩ መስመር ሊወሰድ ይችላል፤ ሽቦ ይቆጥባል፣ መብራቱም ይሠራል። አንድ ቀን ግን ሌላ ሰው የኮሪደሩን ብሬከር ብቻ አውርዶ ጃንክሽን ቦክሱን ይከፍትና ያንን ኒውትራል ይፈታል። የሳሎኑ መብራት በርቶ ከነበረ የተፈታው የሽቦ ጫፍ በአምፖሉ በኩል ከሳሎኑ ፌዝ ጋር ተገናኝቷል፤ ኒውትራል የተባለው ሽቦ ይመታል። ሁለቱ መስመሮች የየራሳቸው የፍሳሽ ጅረት መከላከያ ብሬከር ካላቸው ደግሞ የሄደውና የተመለሰው ስለማይተካከል መብራቱ በበራ ቁጥር ይወድቃሉ። ፌዙና ኒውትራሉ ከአንድ መስመር ይምጡ፤ በብሬከሩ ሳጥን ክዳን ውስጥም የትኛው ብሬከር የትኛውን መብራት ከየት እስከ የት እንደሚያዝ በእስክሪብቶ ይጻፍ። ብሬከሩ ራሱ ጅረቱን እንዴት እንደሚመዝንና መቼ እንደሚወድቅ የምዕራፍ 8 ጉዳይ ነው።